እህል የቀመሰች ልጅ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ጋቢ ተከናንቤ ነው የምቀዳው። ማይክሮፎን ግዢ የምትሉኝ ሁሉ ታገሡኝ፤ ጋቢው እስካሁን አላሳፈረኝም። የጎረቤቴ አውራ ዶሮ ከጮኸም ታውቁታላችሁ፤ ከእኔ ይልቅ እርሱን የምትወዱ እንዳላችሁ መልእክቶቻችሁ ይመሰክራሉ።

ቡሬ ሄጄ ነበር፤ ለእማዬ የማርያም ዝክር። ከተመለስሁ ሦስተኛ ሌሊቴ ነው፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ስለ ግሽ ዓባዩ ቆሎ ያወራሁበትን ክፍል ታስታውሳላችሁ። ብዙ ሳቃችሁበት ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እህል ቀምሶ ወደ ምንጩ መቅረብ ክልክል ነው ተብላ፣ በቀሚሷ ኪስ የሽንብራ ቆሎ ደብቃ፣ ሲቆረጠም እንዳይሰማ በምራቋ እያራሰች በልታ፣ ጠበሉን ጠጥታ፣ መብረቅ ሳይወርድባት የተመለሰችው። ጥርጣሬዬ እዚያ ተወለደ ብያችሁ ነበር። ጥሩ ጨዋታ ነበር። ሳወራው እኔም ስቄአለሁ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። እማዬ ረከቦቷ ፊት፣ ወንድሜ ከጎኗ፣ እኔ መደቡ ላይ። ፍሙን በማንኪያ ጫፍ ሰብሰብ፣ ሰብሰብ አደረገችና፣ ቀና ሳትል፣ «ድምፅሽን ሰማሁት» አለችኝ። የአክስቴ ልጅ በስልኩ ከፍቶላታል። እርሱን በኋላ አገኘዋለሁ።

እኔ ለዚያች ቀን ዓመታት ተዘጋጅቻለሁ። መልሴን በቃሌ ይዤዋለሁ። ቤተ ክርስቲያንን አልጠላም እላታለሁ። የማሕሌቱ ጸናጽል ሲሰማኝ ዛሬም ሰውነቴን ይነዝረኛል እላታለሁ። ፍልሰታን ለምን እንደምጾም ራሴም አላውቀውም፣ ግን እጾማለሁ እላታለሁ። «ታምኛለሽ ወይ?» ካለችኝ ደግሞ አልዋሽም፣ «አላውቅም እማዬ» እላታለሁ።

እርሷ ግን ሌላ ጠየቀችኝ።

«ቆሎውን የበላሽው የወንድምሽን ጠበል ሳትቀጂ ነው? ወይስ ከቀዳሽ በኋላ?»

ቆይ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። የዚያን ክፍል ታሪክ ስነግራችሁ ወንድሜን አውጥቼዋለሁ። ክፍሉ ረዝሞብኝ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ለጨዋታው የሚጨምረው ነገር ያለ አልመሰለኝም። ለነገሩ የሄድነው ለእርሱ ነበር። ጆሮው መግል ይይዝ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ያለቅሳል። እማዬ አዝላው፣ እኔ ባዶ ጀሪካን ተሸክሜ፣ ቲሊሊ ላይ አድረን ነው ግሽ ዓባይ የደረስነው።

መንገዱን ያሳጠረችልን በጻድቁ በአቡነ ዘርዐ ብሩክ ታሪክ ነበር። መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጡ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሰው ቢጠይቁት፣ ወንዙ እንኳን ሊያርሳቸው አቧራቸው ቡን እያለ መለሰላቸው። አቧራው ጋር ስትደርስ ሁልጊዜ እጇን ታራግፋለች። ከታሪኩ ሁሉ እኔ የምወደው ያንን እጅ ነው። ከውኃ ውስጥ አቧራ! ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እዚያው ምንጭ ሲደርስ የአገሩ ሰዎች ጫማህን አውልቅ አሉት፤ አወለቀ፤ ከዚያ ውኃውን ቀድቶ ለንጉሡ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤና ጠጣ። ቁርሱን በልቶ ይሁን ሳይበላ የጠየቀው አለ ወይ እያልሁ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ዓባይ እንደሆነ አልደረቀም።

ምን እያልሁ ነበር? ጀሪካኑ። አዎ። እማዬ ወንድሜን ይዛ ስለነበር ወረፋ ጠብቄ ጀሪካኑን ያስሞላሁት እኔ ነኝ። በእነዚህ እጆች። ጨው ጨው በሚሉ እጆች።

ወንድሜ ዛሬ በቀኝ ጆሮው አይሰማም። ሰው ሲያናግረው ግራውን ያዞራል፤ ትምህርት ቤት «ጠማማው» ይሉት ነበር። በዚያች ሰዓት እማዬ የተቀመጠችው በቀኙ በኩል ነው። ጥያቄዋን አልሰማም። ወይም ሰምቶ ሲኒውን ማየት መርጧል።

እኔም «አልበላሁም» አልኋት። «ለጨዋታ ብዬ የፈጠርሁት ነው።»

«እሰይ» አለች። ይኸው ነው። ከዚያ ቡናውን ቀዳች። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ሦስት ሌሊት ሙሉ የማየው ያንን አቀዳድ ነው። ያመነችኝ ሰው እጅ ነው ወይስ እንደዋሸኋት አውቃ የማረችኝ ሰው እጅ?

እኔ እኮ ጠበል ጆሮ ያድናል ብዬ አላምንም። የማያድን ነገር ደግሞ በቆሎ ሊበላሽ አይችልም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ይሠራዋል። ታዲያ እጄ ለምን ቀዘቀዘ? ከመጣሁ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደታጠብሁት ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ።

ደግሞ ተናድጃለሁ። ለምን እኔ ብቻ? ጤና ጣቢያውን በበሩ አልፈን አይደል ወደ ቲሊሊ የሄድነው? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ኪስ ከምትፈትሽ... ተዉት። ይህን ማለት አልነበረብኝም። ሁለት ጊዜ ወስዳው ነበር። ጠብታ ሰጥተዋት ነበር። ጠርሙሷን መስኮቱ ላይ አስታውሳታለሁ፣ ቡናማ ናት።

አጎቴ ቅኔ ቤት የኖረ ሰው ነው፤ ጎንጅም ዋሸራም ረግጧል። በእኛ አገር ሰው ከፈጣሪው ጋር በቅኔ ሲሟገት «ይበል!» ይባላል። ሰሙ ምስጋና፣ ወርቁ ሙግት ሆኖ ያልፋል። በተራ አማርኛ ያንኑ ካልህ ግን ጉድ ነው። ለእማዬም ሰምና ወርቅ አድርጌ ብነግራት ኖሮ... ግን ምን ብዬ? የቆሎ ሰሙ ምንድን ነው? በዚያ ላይ ቅኔ አልችልም።

ለማላውቃችሁ ለእናንተ ሁሉንም እናገራለሁ። «ደፋር ነሽ» ትሉኛላችሁ። እናቴ አንዲት ጥያቄ ብትጠይቀኝ ግን...

ጮኸ። ሰማችሁት? ሊነጋ ነው ማለት ነው።

አንተ የአክስቴ ልጅ፣ እየሰማህ ከሆነ ይህኛውን እንዳትከፍትላት። ወይም... ወንድሜ ቤት በሌለበት ቀን ክፈትላት። አይ፣ እርሱም ባለበት። በግራው በኩል አስቀምጠው። እንጃ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ደውልልኝ።