«ቢያንስ አንድ» የምትበላው ማርክ

የተከበራችሁ የሂሳብ መምህራን፣

ፕሮግራሙ ላይ የተሰጠኝ ርዕስ «የቆጠራ ዘዴዎች» ይላል። ሁሉን አልነካም። የመጣሁት ለአንዲት ሐረግ ነው፤ «ቢያንስ አንድ»። ፈተና የምታርሙ ሁሉ ታውቋታላችሁ።

ከ6 ወንዶችና ከ5 ሴቶች 4 አባላት ያሉት ኮሚቴ ይመረጥ፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ተማሪው መጀመሪያ አንዲት ሴት በ5 መንገድ ይመርጣል፤ ከቀሩት 10 ሰዎች ደግሞ 3ቱን በ120 መንገድ። ያባዛና 600 ብሎ ከስሩ ያሰምርበታል። ያለ ምንም ገደብ ከ11 ሰው 4 መምረጥ የሚቻለው እኮ በ330 መንገድ ብቻ ነው! ከፊሉ ከጠቅላላው በለጠ፣ ልጁም ልብ አላለውም።

እኛስ? በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርገን እናልፋለን። ሲብስ «ቢያንስ ሲል ቀንስ» ብለን እናስሸመድዳለን። ይሄ ማስተማር ነው? 600ውን ሰሌዳ ላይ እንበትነው እንጂ! አንድ ሴት ብቻ ያለባቸው 100 ኮሚቴዎች አንድ አንድ ጊዜ ተቆጥረዋል። ሁለት ሴት ያለባቸው 150ዎቹ ሁለት ሁለት ጊዜ፤ አልማዝ ቀድማ ሰናይት ብትከተል፣ ሰናይት ቀድማ አልማዝ ብትከተል፣ ኮሚቴው ያው ነውና። ሦስት ሴት ያለባቸው 60ዎቹ ሦስት ሦስት ጊዜ፣ ሴት ብቻ የሆኑት 5ቱ አራት አራት ጊዜ። 100 + 300 + 180 + 20 = 600። ስህተቱ ከነስሩ ወጣ፤ ትክክለኛው 100 + 150 + 60 + 5 = 315 ነው።

ይህን ያየ ተማሪ ኮምፕሊመንትን፣ ማለትም ተቃራኒውን ቆጥሮ ከጠቅላላው መቀነስን፣ ራሱ ይጠይቃል። ሴት የሌለበት ኮሚቴ ስንት ነው? ከ6 ወንዶች 4፣ ማለትም 15። 330 − 15 = 315። በአንድ መስመር አለቀ።

ከመቀነሱ በፊት ግን ተቃራኒውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። የ«ቢያንስ ሁለት ሴት» ተቃራኒ «ምንም ሴት የለም ወይም አንድ ብቻ አለች» ነው፤ ስለዚህ 330 − 15 − 100 = 215። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ቀንሶ የሚያስረክብ ሞልቷል።

የሚቀነሰውና የሚቀነስበትም በአንድ ገደብ ይቆጠሩ። በ0 የማይጀምሩ ባለ 4 አኃዝ ቁጥሮች 9,000 ናቸው፤ ከነሱ ምንም አኃዝ ያልተደገመባቸው 4,536። ስለዚህ ቢያንስ አንድ አኃዝ የተደገመባቸው 9,000 − 4,536 = 4,464 ናቸው። በ0 የሚጀምሩትንም ጨምሮ ከ10,000 የቀነሰ 1,000 ትርፍ ያገኛል።

«ቢያንስ ሦስት ሴት» ከመጣ ደግሞ መቀነሱን ተዉት፤ 60 + 5 ነው።

አመሰግናለሁ።