መዝገቡን ራሳችን እንክፈት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ፣ ዘንድሮ ቃለ መሐላ ፈጽማችሁ የተቀላቀላችሁን ወጣት ጠበቆች፣ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት ወጣት ጠበቃ ያዘጋጀችውን የሰበር አቤቱታ፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስህተት እንዲታረም የሚቀርብ ማመልከቻ፣ እንድመለከትላት ይዛልኝ መጣች። አማርኛው ያምራል፤ ክርክሩም ሥርዓት አለው። ሦስት የሰበር ውሳኔዎች ከነመዝገብ ቁጥራቸውና ከታተሙበት ቅጽ ጋር ተጠቅሰዋል። አንዱ ግን እንግዳ ሆነብኝ። ቅጹን ከመደርደሪያ አውርደን አብረን ፈለግነው። የለም። ልጅቷ ደነገጠች። ለካስ ያሠራችው ቻት ጂፒቲ በተባለው፣ ለጥያቄ ጽሑፍ አዘጋጅቶ በሚመልስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሽን ነው። አልተቆጣኋትም። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው፦ ማንም ሳያየው መዝገብ ቤት የገባው እንዲህ ያለ አቤቱታ ስንት ይሆን?

በኒውዮርክ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። አንድ መንገደኛ በአውሮፕላን ውስጥ የምግብ ጋሪ ጉልበቴን መታኝ ብሎ አቪያንካ አየር መንገድን ከሰሰ። ጠበቆቹ ያቀረቡት መቃወሚያ ላይ የተጠቀሱ ውሳኔዎች በጭራሽ ተሰጥተው የማያውቁ ሆነው ተገኙ። የፈለሰፋቸው ይኸው ቻት ጂፒቲ ነበር። ከጠበቆቹ አንዱ ውሳኔዎቹ እውነተኛ ናቸው ወይ ብሎ ማሽኑን ራሱን ጠይቆት ነበር፤ አዎ አለው። ዳኛ ኬቨን ካስቴል እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የ5,000 ዶላር ቅጣት ጣሉ። ስማቸው በሐሰት ለተጠቀሰው ዳኞችም ደብዳቤ እንዲላክ አዘዙ።

እኛ ዘንድ ነገሩ ይብሳል ብዬ አምናለሁ። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። የሌለ የሰበር ውሳኔ መጥቀስ ማለት እንግዲህ የሌለ ሕግ መጥቀስ ነው። ደግሞም ማሽኑ የእኛን ሕግ ብዙ አላነበበም። ያነበበው በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ የእንግሊዝንና የአሜሪካንን ሕግ ወደ እኛ ይጎትታል። ስለ ውል ብትጠይቁት፣ በምላሹ የሚሰጥ ዋጋ ከሌለ ውሉ አይጸናም ሊላችሁ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1678 ግን እንዲህ ያለ መስፈርት የለውም። ችሎታ፣ ፈቃድ፣ ጉዳይ፣ ሕግ ካዘዘም ፎርም፤ በቃ። ይህን የማያውቅ ጀማሪ በምን ያርመዋል?

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይኸው የጀማሪው ነገር ነው። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የጥብቅና ድርጅት እንድናቋቁም ፈቀደልን። ከዚያ በፊት እያንዳንዳችን ብቻችንን ነበርን። አሁን ወጣቱን ከጎናችን አስቀምጠን የማስተማር ዕድል አገኘን። እኛ ሥራውን የለመድነው ወፍራም መዝገብ እያገላበጥን፣ ረቂቃችን በቀይ እስክሪብቶ እየተሰረዘ ነው። ያንን ሥራ ለማሽን ሰጥተን ስናበቃ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ የማሽኑን ስህተት የሚያይ ሰው ከየት እናመጣለን?

አትጠቀሙ እያልኩ አይደለም። እኔም እጠቀማለሁ። ረጅም ውል ሲመጣልኝ የቱን አንቀጽ ቀድሜ ልይ ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ ብዙ ሰዓት ይቆጥብልኛል። ክፍያችን በአብዛኛው በጉዳይ እንጂ በሰዓት ስላልሆነ፣ የተረፈው ጊዜ የእኛ ነው። ተጨማሪ ፋይል ለመደራረብ ከማዋላችን በፊት ግማሹን እንኳ ለወጣቶቻችን እንስጥ፤ ይህን እለምናችኋለሁ። የደንበኛችሁን ስምና ሰነድ ግን እንዳለ አታስገቡ። ምስጢሩን አደራ የተቀበላችሁት እናንተ ናችሁ።

ከሰዓት በኋላ ለድምፅ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ማንኛውም አባል አቤቱታ ላይ የጠቀሰውን ውሳኔ ከዋናው ቅጽ ላይ ራሱ አንብቦ ይፈርም። በማሽን ከታገዘ፣ ድርጅቱ ውስጥ ያለ ነባር ጠበቃ ከጀማሪው ጋር ተቀምጦ ይመርምረው። ብቻውን የሚሠራ አባል ደግሞ ረቂቁን የሚያይለት ባልደረባ በማኅበሩ በኩል ያግኝ፤ እኔ በወር ሁለት ቀን ለዚህ ተመዝግቤያለሁ። ረቂቁ በያዛችሁት ፎልደር ውስጥ አለ፤ በሻይ ሰዓት አንብቡት።

ጉባኤው ተከፍቷል።