ኮላ እንግሊዝኛ አይሰማም

ውድ መምህራን፣ ውድ ወላጆች፣ እንደምን ዋላችሁ!

በዛሬው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ስለ ልጆቻችን አማርኛ እንድናገር ነው የጠራችሁኝ። እናገራለሁ። ግን በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ በኢግቦዎች ቤት በኩል ዞሬ ነው የምመጣው።

ኢግቦ ቤት እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀርበው የኮላ ፍሬ ነው። ኦጂ ይሉታል። ወዲያው አይበላም። ከእጅ ወደ እጅ ይዞርና ተመልሶ ባለቤቱ ጋ ይደርሳል። ከዚያ በዕድሜ የገፉት ሰው ይዘውት ይመርቃሉ። ፈጣሪን ቹክዉን ይጠራሉ፤ ምድሪቱን አላን ይጠራሉ፤ ያለፉትን አባቶች ይጠራሉ። «ጭልፊትም ቅርንጫፉ ላይ ይረፍ፣ ንስርም ይረፍ» ይላሉ። የተሰበሰበው ሁሉ «ኢሴ!» ብሎ ይቀበላል፤ እኛ «አሜን» እንደምንለው። ፍሬው ሲሰበር ክፍሎቹ ይቆጠራሉ። አራት ከሆኑ ደስታ ነው። የኢግቦ ሳምንት አራት የገበያ ቀን ነውና፦ ኤኬ፣ ኦርዬ፣ አፎ፣ ንክዎ። ይህ ሁሉ የሚባለው በኢግቦኛ ነው። «ኮላ እንግሊዝኛ አይሰማም» ይላሉ።

እስቲ በአስተማሪ ዓይን እዩት። ልጁ እዚያው ተቀምጦ ሰላምታ ይሰማል፣ ምርቃት ይሰማል፣ ይቆጥራል፣ የቀን ስም ይይዛል፣ ማን ማንን እንደሚያስቀድም ያያል። ኢግቦኛ ደግሞ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም የሚለይበት ቋንቋ ነው። «አክዋ» እንደ አባባሉ ልቅሶ፣ ልብስ ወይም እንቁላል ይሆናል። ይህን ከወረቀት ላይ ማጥናት ያደክማል። ከሰው ጋር አብሮ እየተቀበሉ ግን ጆሮ ይለምደዋል።

ታዲያ ይህን የኮላ ምርቃት ለኢግቦ ልጆች ክፍል ውስጥ እናስተምር ሲባል «ይሄ ጣዖት ነው፣ ክፍል አይግባ» የሚሉ አሉ። የመጣሁት ለእነሱ መልስ ልሰጥ ነው! ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1857 ኦኒቻ የተባለችው የኢግቦ ከተማ ከገቡ ወዲህ ኦፎ የሚባለው፣ የእውነትና የሥልጣን ምልክት የሆነው የተቀደሰ በትር ስንት ቦታ እሳት ውስጥ ተጥሏል። ኦካፎር የሚባል ልጅ በአፎ ቀን የተወለደ ወንድ ማለት መሆኑን ሳያውቅ ያድጋል። የስሙን ትርጉም ነጥቀን የቀለማት ስም ዝርዝር እናሸክመው? ብዙ ክርስቲያን ኢግቦዎች ኮላውን በኢየሱስ ስም መርቀው ይሰብራሉ። እምነታቸው ምን ጎደለ? ልጁ እንዲያመልክ ማንም አልጠየቀም። አያቱ የሚሉትን ይረዳ ነው ያልነው!

አንድ ነገር ግን አልሸፍንም። በወጉ ሴት ኮላ አትሰብርም። ክፍል ውስጥ ግን ሴት ልጅም ምርቃቱን በቃሏ ትያዝ ባይ ነኝ። ቅር የሚለው ካለ ይከራከረኝ።

ወደ እኛ ልምጣ። ልጆቻችን «ቀይ፣ ቢጫ፣ ድመት» ማለት ያውቃሉ። ሽማግሌ ሲመርቅ ግን የቱ ጋ «አሜን» እንደሚባል ግራ ይገባቸዋል። ይሄ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ አንድ አዛውንት ወይም አንዲት እናት ክፍል ይምጡልን። ይመርቁ። ልጆቹም ተቀብለው፣ በተራቸው እርስ በርስ ይመራረቁ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ።

አመሰግናለሁ።