ሪሲቨር ሲመጣ መሪውን ማን ይይዛል?

ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ እንግሊዝ አገር ነን። አንድ ድርጅት ንብረቱን አስይዞ ተበደረ፤ መክፈል አቃተው። አበዳሪው ሪሲቨር ሾመበት። ምን ሊሠራ?

አውቶቡስ በብድር ገዛችሁ እንበል። መያዣው ራሱ አውቶቡሱ ነው። ክፍያ ስታቆሙ አበዳሪው ሹፌር ይልካል። ቁልፉን ይቀበላችኋል፤ እናንተ ወደ ኋላ ወንበር! ሊብሬው ግን አሁንም በስማችሁ ነው። ሹፌሩ ሰው ይጭናል፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ ጎማ ይቀይራል፤ ከሚተርፈው ዕዳውን ይከፍላል። ካላዋጣ አውቶቡሱን ይሸጠዋል። ሪሲቨር ማለት ይሄ ሹፌር ነው።

ባለፈው ቪዲዮ ሥር ብዙዎቻችሁ "ሪሲቨሩ የባንኩ ሠራተኛ ነው፤ ካጠፋ ባንኩን መክሰስ ነው" ብላችኋል። እዚህ ጋ ቆም እንበል። አይደለም! የሚሾመው ባንኩ ነው፤ በሕግ ግን የተበዳሪው ወኪል ነው። እ.ኤ.አ. የ1925ቱ የእንግሊዝ የንብረት ሕግም እንዲሁ ይላል። ስለዚህ ባንኩ ራሱ ጣልቃ ገብቶ ካላዘዘው በቀር፣ ለጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም። እኔን ይሄ ይከነክነኛል። መራጩ አንዱ፣ ከፋዩ ሌላው!

እንዳሻው ይሆናል ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ የአሳማ እርባታ ጉዳይ ቀረበለት። ሪሲቨሮቹ እርባታውን እያስኬዱ መኖ ይገዛሉ። ባለቤቱ "ትልቅ ቅናሽ አለ፤ ኧረ ጠይቁ!" እያለ ይወተውታል። አልጠየቁም። ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ሥራውን ለማስኬድ ከወሰናችሁ በተገቢው ጥንቃቄ የማስኬድ ግዴታ አለባችሁ። እሰይ!

ንብረቱ ሲሸጥ ገንዘቡ ለማን ይሄዳል? ቶሎ ቶሎ ልበለው። ሕንፃ ላይ ያለ ቋሚ መያዣ፣ ማለትም በአንድ በተለየ ንብረት ላይ የታሰረ ከሆነ፣ ወጪ ተቀንሶ ገንዘቡ ለአበዳሪው ነው። እንደ መጋዘን ዕቃ በሚገባ በሚወጣ ንብረት ላይ ያለ ተንሳፋፊ መያዣ ከሆነ ግን የሠራተኛ ውዝፍ ደመወዝ በተወሰነ መጠን ይቀድማል። መያዣ ለሌላቸው ባለገንዘቦችም (ድርጅቱ ዕዳ ላለበት ሁሉ፣ ለምሳሌ በዱቤ ዕቃ ለሰጠ) ከዚሁ ገንዘብ ድርሻ ይነሣል፤ የድርሻው ጣሪያ አሁን 800,000 ፓውንድ ነው። ከሴፕቴምበር 15 ቀን 2003 ወዲህ በተሰጠ ተንሳፋፊ መያዣ ደግሞ መላውን ድርጅት የሚረከብ ሪሲቨር መሾም፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ቀርቷል። በምትኩ ለሁሉም ባለገንዘቦች የሚሠራ አስተዳዳሪ ይሾማል። በእኔ እምነት ይሄ ተገቢ ለውጥ ነው።

ዕቃ አቅራቢ የሆናችሁ፣ ይህን ያዙልኝ፦ ሪሲቨር የተሾመበት ድርጅት ይህንኑ በደረሰኙ ላይ መግለጽ አለበት። አዲስ ውል ስትፈርሙ ደግሞ "ሪሲቨሩ በግሉ አይጠየቅም" የሚል አንቀጽ ፈልጉ። ካለ፣ ድርጅቱ ባይከፍላችሁ ሪሲቨሩን በግሉ መጠየቅ አትችሉም፤ ስለዚህ ገንዘባችሁን በቅድሚያ ጠይቁ። ስለ አስተዳዳሪው በሚቀጥለው ቪዲዮ፤ ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ!