ስንት ነን?

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከበስተጀርባ የውሃ ድምፅ ከሰማችሁ አትገረሙ። ዛሬ የእኛ ሰፈር የውሃ ፈረቃ ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ ጀሪካን እየተሞላ ነው። ዝም ላሰኘው አልችልም፤ አሁን ካልተሞላ እስከ ሐሙስ ውሃ የለም። ደግሞ የዛሬው ወሬዬ ከዚያው ውሃ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይሰማ ግድ የለም።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ቅዳሜ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ሳምንቱን ሙሉ ስለ ዞምቢ፣ ማለትም ሞቶ ተነሥቶ ሰው ስለሚበላው የፊልም ፍጥረት፣ ሲያወሩ ሰንብተው፣ ቁርስ ላይ “አባዬ፣ ዞምቢ ቢመጣ እኛ ቤት ውስጥ ስንት ቀን እንቆያለን?” ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ አባት “ዞምቢ የሚባል ነገር የለም፣ ሻይሽን ጠጪ” ይላል። እኔ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስንት የሚል ቃል ከሰማሁ እጄ እስክሪብቶ ይፈልጋል። ወረቀት አመጣሁ።

ቁምነገር አይደለም ብላችሁ እንዳትስቁብኝ ልንገራችሁ። አትላንታ የሚገኘው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 ለሕዝቡ “ለዞምቢ ወረራ ተዘጋጁ” የሚል ምክር አውጥቶ ነበር። ሐሳቡ ብልጠት ነው። ለአውሎ ነፋስና ለጎርፍ ተዘጋጁ ሲባል የሚያዛጋ ሰው፣ ዞምቢ ሲባል ጆሮውን ያቆማል። ለዞምቢ የተዘጋጀ ቤት ደግሞ ለጎርፉም፣ ለመሬት መንቀጥቀጡም፣ ለወረርሽኙም ተዘጋጀ ማለት ነው። ጽሑፉን ሊያነብ የመጣው ሰው ብዛት ጽሑፉ የወጣበትን የማዕከሉን ብሎግ አጨናንቆ ዘጋው። ለጎርፍ ምክር እንዲህ ያለ ሰልፍ ታይቶ አያውቅም።

ዝርዝሩ ቀላል ነው። ውሃ፣ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ባትሪና ሬዲዮ፣ ሳሙናና በረኪና፣ ልብስና ብርድ ልብስ፣ የቤት ሰነዶች። ከዚያ ቤተሰቡ ቢበታተን የሚገናኝበት ቦታ፤ አንዱ ከደጅ፣ ሌላው ከሰፈር ውጭ። ውሃው በቀን ለአንድ ሰው አንድ ጋሎን ነው፤ በእኛ ወደ አራት ሊትር።

እኔም ጻፍኩ። አራት ሰው፣ አራት ሊትር፣ አሥራ አራት ቀን፤ 224 ሊትር። በሃያ ሊትር ጀሪካን ሲካፈል አሥራ ሁለት ጀሪካን ግድም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ልጄ “ዞምቢ ደረጃ መውጣት ይችላል?” አለች። እኔ ራሴ ጀሪካን ይዤ መውጣት የማልችለውን ደረጃ የሞተ ሰው ይወጣዋል ብዬ አላስብም አልኳት።

ምግቡ ላይ እናቴ ገባችበት። እናቴ የመንዝ ሴት ናት፤ አባቴ ካረፈ ጀምሮ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። የአሜሪካኖቹ ዝርዝር የቆርቆሮ ምግብ ይላል። “ቆርቆሮ ምን ያደርግልሃል?” አለችና በጣቷ መቁጠር ጀመረች። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ። አስቡት እስቲ። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ውሃና ጨው ካለ በቃው፣ ጨብጦ መብላት ነው። ድርቆሽ እንጀራ ነው፣ ግን በርበሬና ዘይት ነክቶት ሞቅ ያለ ውሃ ካገኘ ፍርፍር ይሆናል። ቋንጣ ማቀዝቀዣ አያውቅም። እነዚህን ምግቦች የፈጠረው ሰው መብራት ይጠፋል ብሎ አልሰጋም፤ መብራት አያውቅም ነበር። የሰጋው መንገድን ነበር፤ ዘመቻን፣ ክረምትን፣ ክፉ ቀንን። በእኛ ቋንቋ ለዚህ ሁሉ ዝግጅት አንድ ቃል አለ፤ ስንቅ።

ክፉ ቀን ስል እንዲያው ለአባባል አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ረሀብ ስሙ ራሱ ክፉ ቀን ነው። መጀመሪያ የሞተው ከብቱ ነበር፤ በሬው ሲያልቅ እርሻው ቆመ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1911፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ለጥቂት ነው የዳኑት። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ከተማው ቆሻሻውን እያቃጠለ በጭስ የሚታፈነው ከዚያ ወዲህ ነው። ልጄ በየዓመቱ ስታስል “ለምንድን ነው የሚጤሰው?” ትለኛለች። ዘንድሮ ለዞምቢ ነው ልላት አስቤያለሁ፤ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

እዚህ ላይ ስለ እሳት አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ይህኛው ቀልድ አይደለም። መብራት ጠፍቶ፣ በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ውጭ የሚያስፈራ ነገር ሲኖር ሰው የሚያደርገው ከሰል አቀጣጥሎ ቤት ማስገባት ነው። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ ይመስላል። ዞምቢው ደጁን ሳያንኳኳ ቤተሰቡ ያልቃል። ስለዚህ በእኛ ዝርዝር ላይ ከሰል በረንዳ ላይ ብቻ ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ውሃ የማፍላቱንም ሒሳብ አስታውሱ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ሙቀቱ ግን ዝቅተኛ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። እሳት ከሌለ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ለአንድ ሊትር ያልደፈረሰ ውሃ ሁለት ጠብታ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ።

ንክሻም አለ። ልጄ “ዞምቢ ቢነክሰኝስ?” አለች። ነክሶ አእምሮ የሚያስት በሽታ እኮ እዚሁ አለን፤ የእብድ ውሻ በሽታ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ይዳናል። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ሄዶ ክትባት መጀመር። በእኔ ልጅነት ውሻ የነከሰው ልጅ ሁሉ “ፓስተር ውሰዱት” ይባል ነበር፤ ክትባቱ የሚሰጥበት ተቋም ነበር። አሥራ አምስት ደቂቃ በሰዓት ስትይዙት ረጅም ነው፤ ሞክሩት። ደግሞ ውሃ ይጠይቃል።

ከውሃ አልወጣንም። 224 ሊትር ብዬ አስምሬ ሳበቃ ከወጥ ቤት ድምፅ መጣ። “ጋሼ፣ ጀሪካኖቹ ዘጠኝ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ ያፈሳሉ።”

ቤታችን የምትሠራ ልጅ አለች። ስሟን አልጠራም፣ ፈቃዷን አልጠየቅኩም። ሦስት ዓመት ሆናት። ውሃው ሌሊት በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ የትኛው ጀሪካን ክዳኑ እንደማይገጥም፣ ግፊቱ ደካማ ሲሆን የትኛው ጎረቤት በርሜል እንደሚያበድር የምታውቀው እሷ ናት። እኔ የማውቀው ቢሉን ነው። ልጄ ወረቀቱን አይታ “አባዬ፣ አምስት እኮ ነን” አለችኝ።

አምስት ሲሆን 280 ሊትር ነው። አሥራ አራት ጀሪካን። ቁጥሩን አስተካከልኩና ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ይህን ስሕተት ስሠራ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር አዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ እየተንቀጠቀጠ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከእነዚያ ሌሊቶች በአንዱ ሕንፃችን ተወዛወዘ። አምፖሉ ሲዞር አየሁ። ልጄን አቅፌ፣ ባለቤቴ እናቴን ደግፋ፣ በደረጃው ወረድን። ሰው ምን ይዞ እንደሚወጣ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ባለቤቴ የቤቱን ካርታና የልደት ካርዱን ይዛለች፤ እናቴ ነጠላዋንና የደም ግፊት መድኃኒቷን። እኔ የስልክ ቻርጀር ይዣለሁ፤ ስልኩን ሳይሆን ቻርጀሩን። መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። “ሁላችንም አለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን” አልኩ።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ልጅቷ ወረደች። በአንድ እጇ የእኔን ጫማ ይዛለች። በባዶ እግሬ ነበርኩ። ወጥ ቤት የነበረውን የጋዝ ሲሊንደር ዘግታ፣ በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን ይዛ ነው የመጣችው። ማንም ምንም አላለም። እኔ ጫማዬን አደረግኩ።

የዞምቢን ነገር ስመረምር አመጣጡ ከሄይቲ መሆኑን አነበብኩ። እዚያ ዞምቢ ሰው አይበላም። በፈረንሳይ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ላይ ከአፍሪካ ተግዘው የመጡ ባሪያዎች ልጆች ያቆዩት ፍርሃት ነው። ሰው ሲሞት ነፍሱ ባሕሩን ተሻግራ ወደ አፍሪካ፣ ወደ አባቶቿ አገር ትመለሳለች ተብሎ ይታመናል። ዞምቢ ያ መመለስ የተከለከለ ሰው ነው። ሞቶም ሥራው አላለቀለትም፤ ጌታው ከመቃብር አውጥቶት ያለ ፈቃዱ፣ ያለ ድምፅ ይሠራል። እዚያ ሰው የሚፈራው ዞምቢ መጣብኝ ብሎ ሳይሆን ዞምቢ እሆናለሁ ብሎ ነው። የሚያነቃው ደግሞ ጨው ነው። ጨው የቀመሰ ዞምቢ ማን እንደሆነ ያስታውሳል፤ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ምንም አልደነቃትም። “እኛም ጋ ይባል የለም እንዴ” አለች። ቡዳ የበላውን ሰው፣ ከተቀበረ በኋላ ከመቃብሩ ጠርቶ ቤቱ ይወስደዋል፣ እንጨት ያስለቅመዋል፣ ውሃ ያስቀዳዋል። አይናገርም፤ እንባው ብቻ ይወርዳል። እንግዳ ወደ ቤት ሲመጣ ጌታው በበትር ራሱን መታ ያደርገውና ማሰሮ ይሆናል። እንግዳው ሲሄድ ተመልሶ ሰው ይሆናል። እናቴ ይህን የሰማችው ከአያቷ ነው። በዚህ ተረት ስንቱ ቀጥቃጭ፣ ስንቷ ሸክላ ሠሪ ከጎረቤት እንደተገለለ፣ ድግስ ላይ እንዳልተጠራ እሷም ታውቃለች። የሠሩትን ማረሻና ምጣድ የማይጸየፍ ሰው እነሱን ይጸየፋል። ይህን የምለው ተረቱን ለማስዋብ እንዳይመስላችሁ ነው። ግን ማሰሮው ከጭንቅላቴ አልወጣም። እኛም ቤት እንግዳ ይመጣል፤ ቡና ይቀርባል፤ ያቀረበውን ሰው ግን ስም ጠርቶ ያስተዋወቀ የለም።

ወደ ቅዳሜ ልመለስ። አምስት ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ወደ ወጥ ቤት ዞሬ “አንቺንም ቆጥሬሻለሁ” አልኳት። አሁን ሳስበው ይህ ዓረፍተ ነገር በቀጥታ የስድብ ያህል ነው። እሷ ግን ሳቀች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ በሩ ላይ ቆመችና “ዞምቢ ከመጣማ እኔ ወደ እናቴ ነው የምሄደው፣ ጋሼ” አለች።

እናቷ ጎጃም ናት፤ ደብረ ማርቆስ አጠገብ። ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ልጄ ወዲያው ሁለተኛ ወረቀት አወጣች። መኪና የለም ብለን አሰብን፤ በቀን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ከተሄደ አሥር ቀን። ዓባይ በረሃ ወርዶ መውጣት አለ፣ ድልድዩ አለ፤ አንድ ቀን ጨምሩ አለች እናቴ። የውሃው ሒሳብ እኔን ግራ አጋባኝ። አራት ሊትር በአሥራ አንድ ቀን 44 ሊትር ነው፤ ማን ይሸከመዋል? “ይቀዳል እንጂ ይሸከሙታል እንዴ” አለች ልጅቷ። ሁለት ባዶ ሃይላንድ፣ ትንሽ ጠርሙስ በረኪና፣ ጠብታ መቁጠሪያ። እናቴ በሶው ስንት ኪሎ እንደሚበቃ ማስላት ጀመረች፤ ገብሱን ራሷ እቆላለሁ አለች።

“ጨውም ይዘሽ ሂጂ” አለቻት። እናቴ ለበሶው ብላ ነው። ልጄ ግን ጨው የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አሰመረችበት፤ በቅንፍ “ለመንገድ ላይ ዞምቢዎች” ብላ ጻፈች።

ሁለቱም ወረቀቶች አሁን ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፈዋል። ውሃው የሞላ መሰለኝ፤ ድምፁ ቆሟል። ጀሪካኖቹን ከወጥ ቤት ወደ በረንዳ የማዛወሩ ሥራ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም። ደኅና ሰንብቱ።