የአያቴ ዕፍኝ ስንት ግራም ነው?

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ በዓል እየተቃረበ ጓዳችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ወደ መድረኩ ከመውጣቴ በፊት እዚያ ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሊጥ አቡክቼ በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። ስናገር ዓይኔ ወደዚያ ከሸሸ ይቅር በሉኝ። ሊጥ ያቦካ ሰው ልቡ በሙሉ ከሰው ጋር አይሆንም።

የምነግራችሁ ስለ አንድ ጥፋቴ ነው። ሴት አያቴ የበዓል ዳቦ ሲጋግሩ አጠገባቸው ተቀምጬ የሚሉትን ሁሉ በደብተር ጻፍሁ። ዱቄት ይህን ያህል ዕፍኝ፣ ጨው ቁንጥር፣ ውሃው ለብ ያለ። እርሳቸው ካረፉ በኋላ በመጣው በዓል ደብተሬን ገልጬ ብቻዬን ጋገርሁ። ከምድጃው የወጣው በር ማስደገፊያ የሚሆን ድንጋይ ነበር። ቤተ ዘመድ በይሉኝታ አኘከ፤ አጎቴ ብቻ «ጣዕሙ እንኳ ደህና ነው» ብለው ሁለተኛ ብርጭቆ ውሃ ጠየቁ።

ጥፋቱ የት ላይ እንደነበር የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። እርሾ ነፍስ ያለው ነገር ነው። በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስኳር እየተመገበ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በሊጡ ውስጥ ታምቆ ሲቀር ሊጡ ኩፍ ይላል። ይህ የሕያዋን ሥራ መሆኑን ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በምርምር አሳይቷል። ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ግን እርሾው ይሞታል። አያቴ ውሃውን የሚፈትኑት በጣታቸው ሳይሆን በእጃቸው አንጓ ውስጠኛ ቆዳ ነበር። ይህን ግን በአፋቸው አልተናገሩም፤ እጃቸው ብቻ አደረገው። እኔ የጻፍሁት የተናገሩትን ነው። ስለዚህ በጣቴ ፈተንሁ፤ ጣቴ የቻለውን እርሾው አልቻለም።

ዕፍኙም እንዲሁ ነው። የእርሳቸው እጅ ትንሽ ነበር፤ የእኔ ደግሞ እንደምታዩት ነው። ስኒም ቢሆን፣ የቡናው ሳይሆን ትልቁ የዱቄት መለኪያ፣ አያድንም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 ፋኒ ፋርመር የተባሉ አሜሪካዊት የምግብ ዝግጅት መምህርት ባሳተሙት መጽሐፍ ስኒና ማንኪያ አፉ ተስተካክሎ ይለካ ብለው አስተማሩ፤ ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም ዱቄት በማንኪያ ቀስ ተብሎ ሲሞላና በስኒው ተጠቅጥቆ ሲዛቅ በአንድ ስኒ ላይ የ20 እና የ30 ግራም ልዩነት ይመጣል። በአምስት ስኒ ስታባዙት ሌላ ዳቦ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በዚህ በዓል እናታችሁ ወይም አያታችሁ ጓዳ ስትገቡ ሚዛን ይዛችሁ ግቡ። እርሳቸው እንደ ልማዳቸው በዕፍኝ ይዝገኑ፤ እናንተ ዕፍኙ ወደ ሊጡ ከመግባቱ በፊት መዝኑት። መጀመሪያ ይቆጣሉ፤ «በእኔ እጅ አታምንም?» ይባላል። ቻሉት። ጨዋቸው ለ1 ኪሎ ዱቄት 20 ግራም አካባቢ ሆኖ ብታገኙት አትደነቁ፤ ብዙ ዳቦ ጋጋሪዎች በሚዛን የሚደርሱበትን የእርሳቸው ጣት ያለ ሚዛን ደርሶበታል። ከሚዛኑም በላይ እጃቸውን ተመልከቱ። ሊጡን መቼ ማሸት እንዳቆሙ፣ ምን ነክተው «በቃው» እንዳሉ፣ የበሰለውን ዳቦ ገልብጠው ታቹን ሲመቱት ምን ዓይነት ድምፅ እንደሰሙ ጻፉ።

ለልጆችም ሥራ ስጧቸው፤ ብስኩት ላይ ስኳር መነስነስ ብቻ አይደለም የምላችሁ። ዱቄት ይንፉ፤ ያበላሹ። ጓደኛ ስትጋብዙም ምግቡ ሲደርስ ሳይሆን ሽንኩርቱ ሳይላጥ ጥሩት። ከተሰናዳ ማዕድ ይልቅ እንባ እያፈሰሱ አብረው የላጡት ሽንኩርት ያቀራርባል፤ ቢያንስ የእኔ ወዳጆች የተገኙት እንደዚያ ነው።

ይህ ድካም አዲስ አይምሰላችሁ። በሰሜን ምሥራቅ ዮርዳኖስ፣ ሹባይቃ በተባለ ቦታ፣ 14 ሺሕ 400 ዓመት ያህል ያስቆጠረ የከሰለ የዳቦ ፍርፋሪ ተገኝቷል። እርሻ ገና አልተጀመረም ነበር። የዱር እህል ለቅሞ፣ ፈልፍሎ፣ ፈጭቶ መጋገር በየቀኑ የሚሞከር ሥራ አይደለም። እኔ እንግዳ የሚጠበቅበት ቀን ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ማስረጃ ግን አትጠይቁኝ።

የእኔ ደብተር አሁንም አለ። «ለብ ያለ» ከሚለው አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «በእጅ አንጓ» ብዬ ጨምሬበታለሁ። የአያቴ ዕፍኝ ስንት ግራም እንደነበር የሚጻፍበት ቦታ ግን ባዶ ነው።

ጨርቁ ከፍ ብሎ ይታየኛል፤ ሊጡ ኩፍ ብሏል። እጃችሁን ታጥባችሁ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ፤ አንድ ሰው ምድጃውን ይለኩስልን።