ከታርደቢግ ሎኮች እስከ ሰቨርን ወንዝ፦ ለጀልባ ተጓዦች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

ቅዳሜ ከበርሚንግሃም ጋስ ስትሪት ተነስታችሁ ወደ ዉስተር የምትወርዱ ወገኖቻችን፣ መንገዱን በካርታ እንዳያችሁት እናውቃለን። ቦዩ 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጀልባ የሚወርድባቸው ባለ በር ገንዳዎች፣ ማለትም ሎኮቹ፣ 58። ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ ያየ ሰው ሎኮቹ በመንገዱ ላይ እኩል የተበተኑ ይመስለዋል። አይደለም። መጀመሪያ 22 ኪሎ ሜትር ያህል አንድም ሎክ የለም። ሻይ ይፈላል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ሁሉም ሰው ካፒቴን ይሆናል። ከዚያ ታርደቢግ ላይ 30 ሎኮች በ3.6 ኪሎ ሜትር ውስጥ ተደርድረው ይጠብቋችኋል፤ በ67 ሜትር ቁልቁል ያወርዷችኋል። በብሪታንያ ከዚህ የረዘመ የሎክ ድርድር የለም። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ወንዝ ነው።

ሎክ ማለት ከላይና ከታች በር ያለው የድንጋይ ገንዳ ነው። ጀልባዋ ትገባለች፣ ውሃው ይለቀቃል፣ እሷም አብራው ትወርዳለች። ውሃውን የሚለቁት ፓድል የሚባሉት መዝጊያዎች ናቸው፤ የሚከፈቱት ዊንድላስ በሚባል የታጠፈ የብረት እጀታ ነው። ዊንድላሱን ፓድሉ ላይ ሰክታችሁ አትሂዱ። ጥርሱን የያዘው ማቆሚያ ካመለጠ ብረቱ እንደ አውሎ ነፋስ ይሽከረከራል፤ ክንድ ይሰብራል፣ ጥርስ ያረግፋል። ሲሽከረከር ካያችሁት ለመያዝ አትሞክሩ፣ ዞር በሉ።

የጀልባዋ ወርድ 2.08 ሜትር፣ የሎኩ 2.13 ሜትር ያህል ነው። ትርፉ ከሁለቱም ጎን ተደምሮ አምስት ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ሦስት ጣት። ስለዚህ በጎን የተንጠለጠሉትን መከላከያዎች ከመጀመሪያው ሎክ በፊት ሰብስባችሁ ጣሪያ ላይ አውጡ። ተንጠልጥለው ከገቡ በግድግዳውና በጀልባዋ መካከል ይሰነቀራሉ፤ ውሃው ሲወርድ አንድ ጎኗ ተይዞ ሌላው ይዘቀዝቃል።

አሁን ዋናውን አደጋ እንንገራችሁ። ከላይኛው በር ሥር ወደ ሎኩ ውስጥ የወጣ የድንጋይ ደፍ አለ። ሎኩ ሲሞላ አይታይም። የደፉን መጨረሻ የሚያሳየው በሎኩ ጠርዝ ላይ የተቀባው ነጭ መስመር ብቻ ነው። የጀልባዋ ኋላ ከነጩ መስመር በስተኋላ እያለ ውሃው ከተለቀቀ፣ ኋላዋ ደፉ ላይ ይቀመጣል፣ ፊቷ ከውሃው ጋር ይወርዳል፣ ከዚያ በፊት በኩል ውሃ ገብቶ ትሰጥማለች። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። መሪ የያዘው ሰው ውሃው በሚወርድበት ጊዜ ሁሉ ዓይኑን ከነጩ መስመር ላይ አይንቀል። ስልክ ኪስ ይግባ።

ኋላዋ ተይዞ ፊቷ ሲዘቀዝቅ ካያችሁ፣ ጩኹ። የታችኛውን ፓድል በፍጥነት ዝጉ፤ ሙሉ በሙሉ መውረዱን አረጋግጡ። ከዚያ የላይኛውን ፓድል በዝግታ ክፈቱ፤ ውሃው ተመልሶ ያነሳታል። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ፤ የታቹ ሳይዘጋ የላዩን መክፈት ዋጋ የለውም። ሌላው የመያዝ ምክንያት ገመድ ነው። በሎክ ውስጥ ወደታች ስትወርዱ ገመድ አትሰሩ። ቢበዛ በምሰሶው ላይ አንድ ዙር አዙራችሁ ጫፉን በእጃችሁ ያዙ፣ ውሃው ሲወርድ ልቀቁላት።

የሥራ ክፍፍሉ እንዲህ ይሁን፦ አንድ ሰው መሪ ላይ፣ ሁለት ሰዎች በሎኩ ግራና ቀኝ፣ አንድ ደግሞ ዊንድላስ ይዞ በእግሩ ቀድሞ የሚቀጥለውን ሎክ የሚያዘጋጅ። ቀዳሚው ሎኩን ከመሙላቱ በፊት ከታች የሚመጣ ጀልባ መኖሩን ይይ፤ ካለ ተራው የእነሱ ነው። የታችኛውን ፓድል መጀመሪያ ግማሽ ድረስ ብቻ ክፈቱ፤ ጀልባዋ ተረጋግታ መውረዷን ስታዩ ሙሉውን። ለእያንዳንዱ ሎክ አሥር ደቂቃ ብንሰጠው 30ው አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ለጀማሪ ከዚያም ይበልጣል። ጠዋት በጊዜ ጀምሩ። ልጆች ሎክ ዳር አይሩጡ፤ ድንጋዩ እርጥብ ነው።

ከሎኩ ስትወጡ በሩን ዝጉ፣ ፓድሉን እየጠመዘዛችሁ አውርዱ። በታርደቢግ በሁለት ሎኮች መካከል ያለው ውሃ አጭር ነው። አንድ ፓድል ተከፍቶ ቢረሳ መሃሉ ይደርቅና የሚቀጥለው ጀልባ ጭቃ ላይ ይቀመጣል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እዚህ የፈሰሰው ግን አይለቀምም፣ ዉስተር ደርሷል። ውሃው ጎድሎ ካገኛችሁት አንድ ሰው ወደ ላይ ተመልሶ በሎኩ የላይና የታች ፓድሎች ጥቂት ውሃ ያሳልፍ። እንዳይበዛ፤ የታቹን ለመሙላት ብላችሁ የላዩን ታደርቃላችሁ። ጉድለቱ ከበዛ ለቦዩ አስተዳዳሪ፣ ለካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት፣ ደውሉ።

ጭቃ ላይ ብትቀመጡ ወደፊት ነዳጅ አትስጡ፤ ይበልጥ ትቀበራላችሁ። በመጣችሁበት አቅጣጫ በኋላ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ፣ ሰዎች ወደ ጥልቁ ጎን ይሂዱ፣ ቀሪውን ረጅሙ መግፊያ እንጨት ይጨርሳል። እንጨቱን በደረታችሁ ፊት ለፊት አትደግፉት፣ በጎናችሁ በኩል ያዙት። ወደኋላ ስትነዱ መሪ እንደማይሠራም አስታውሱ። ከመሪው ዘንግ መወዛወዣ ውስጥም አትቁሙ፤ ከታች መሪው ድንጋይ ከነካ ዘንጉ በኃይል ዞሮ ሰው ወደ ውሃ ይጥላል።

ጀልባዋ ከተንቀጠቀጠች፣ ጭሱ ከጠቆረ፣ የሙቀት ጠቋሚው ከወጣ፣ ፕሮፔለሩ ላይ ነገር ተጠምጥሟል፤ በከተማው አካባቢ ፌስታልና አሮጌ ልብስ ነው። ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ አንዴ ለአጭር ጊዜ ወደኋላ ሞክሩ። ካልወጣ ዳር ይዛችሁ እሰሩ፣ ሞተሩን አጥፉ። ቁልፉ ነቅሎ እጁን በሚያስገባው ሰው ኪስ ይግባ፤ በሌላ ሰው ኪስ ሳይሆን። ከኋላ ወለሉ ሥር ያለውን ክዳን ክፈቱ፣ ጓንት አድርጋችሁ በቢላ ቆርጣችሁ አውጡ። ሲመለስ ክዳኑ በልኩ ተቀምጦ ብሎኑ ይጥበቅ። ሞተሩን አስነሱና ውሃ እንዳያስገባ በዓይናችሁ አረጋግጡ። ክዳኑ ከላላ ፕሮፔለሩ ራሱ ውሃ እየቀዳ ወደ ውስጥ ይሞላል፤ በዚህ የሰጠሙ ጀልባዎች አሉ። በነገራችን ላይ፣ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ እንጀራ አትንኩ፤ ቦዩ ውስጥ የአይጥ ሽንት የሚያመጣው በሽታ ሊኖር ይችላል።

ከዚያ ዉስተር ውስጥ ቦዩ የሚያበቃበት ዲግሊስ ትደርሳላችሁ። ሁለት ሰፋፊ ሎኮች አልፋችሁ ሰቨርን ወንዝ ላይ ትወጣላችሁ፤ እዚህ የቦይ ልማድ አይሠራም። ቦይ ባለበት ይቆማል፤ ሰቨርን እያሳሳቀ ይወስዳል። ከመውጣታችሁ በፊት የውሃ ደረጃ ሰሌዳውን እዩ፦ አረንጓዴ ከሆነ ሂዱ፣ ቢጫ ከሆነ ለልምድ የለሽ ሰው አይመከርም፣ ቀይ ከሆነ ዲግሊስ ላይ እደሩ። ዝናብ እዚህ ባይዘንብም ከላይ የዘነበው ይደርሳል።

ወደ ስቶርፖርት ከተማ የምትሄዱ ከሆነ ከሎኩ ስትወጡ ወደ ቀኝ፣ ሽቅብ ነው። ወራጁ ፊቷን ወደ ግራ ይገፋታል፤ በግራ ደግሞ ውሃው የሚወድቅበት ግድብ አለ። ስለዚህ ሳትፈሩ በቂ ነዳጅ ስጡ፤ ማመንታት ነው የሚጎዳው። ሁሉም ሰው ላይፍ ጃኬት ይልበስ። መልህቁ ፊት ላይ ተዘጋጅቶ፣ የገመዱ ሌላ ጫፍ ጀልባዋ ላይ መታሰሩን ከመነሳታችሁ በፊት በእጃችሁ ጎትታችሁ አረጋግጡ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ መልህቁም ገመዱም አብረው ይሄዳሉ። ሞተር ወንዝ ላይ ከጠፋ መልህቁን አትወርውሩ፣ እግራችሁን ከገመዱ ጥቅል አርቃችሁ በዝግታ አውርዱት።

እስከ ስቶርፖርት ሦስት ትልልቅ ሎኮች አሉ፤ ቤቨሬ፣ ሆልት፣ ሊንኮም። ብዙውን ጊዜ ሠራተኛ ነው የሚከፍታቸው። መብራቱን ጠብቁ፣ የሚሏችሁን አድርጉ።

ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ የመጀመሪያው ነገር ማርሽ ዜሮ፣ ከዚያ ሞተር ማጥፋት ነው። ልታነሱት ብላችሁ ወደኋላ አትንዱ፤ ፕሮፔለሩ እዚያው ነው። ቦይ ላይ ከሆነ "ቁም!" በሉት፤ አብዛኛው ቦታ መቆም ይቻላል። ወንዝ ላይ ግን ተንሳፋፊ ቀለበት ወርውሩለት፤ ተከትላችሁ አትዝለሉ።

ማታ ወንዝ ላይ ስታድሩ ፊቷን ሽቅብ አዙራችሁ፣ የፊቱን ገመድ መጀመሪያ እሰሩ። የጋዝ ምድጃውን ዝጉ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያውን ተጫኑና ድምፁን ስሙ። ገመዱን ደግሞ እንደ ቦይ አጥብቃችሁ አትሰሩት። ሌሊት ወንዙ ቢሞላ ወይም ቢጎድል የጠበቀ ገመድ ጀልባዋን ያዘነብላል። ትንሽ ላላ አድርጉት፤ ከእናንተም አንዱ ከመተኛቱ በፊት፣ ሌላው ደግሞ ለሽንት ሲነሳ፣ በባትሪ አብርቶ ይይ።